ሁለት ካርድ የነበራት ልጅ

በዚያ ሐሙስ ጠዋት ሳን ሆዜ በሚገኘው ክሊኒክ፣ በትንሿ የምርመራ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። የቆዳ ሐኪሙ ዶክተር ዌብ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ተቀምጠዋል። የደም መቅጃ ክፍላችን ኃላፊ ሚስስ ሎርና፣ ከፊሊፒንስ የመጡና ያን ጊዜ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ እጃቸውን በፎጣ ያደርቃሉ። የሥራ ባልደረባዬ ዮናስ፣ እንደ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ወይዘሮ ብርነሽ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈዋል። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ሰላም በሰኔ ሙቀት ሹራብ ለብሳ ወንበር ላይ ታንቀላፋለች። ስድስተኛው እኔ ሙሉጌታ ነኝ፤ የቁመት መለኪያው አጠገብ ነበርኩ።

ሰዎቹን አንድ በአንድ የጠራሁት በምክንያት ነው። ከእነሱ ውጭ ይህን ታሪክ የሚያውቅ የለም፤ ብሳሳትም የሚያርመኝ ከእነሱ አንዱ ነው።

ከዚያ ሥራ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። አሁን እዚያው ሳን ሆዜ ውስጥ የኮምፒዩተር ሰሌዳ በሚፈተሽበት ፋብሪካ እሠራለሁ። የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሰዎች ለመጽሔታቸው ስለ ቀድሞው ሥራዬ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ስለ ሆስፒታል አሠራር ሁለት ገጽ ጽፌ ልገላገል አስቤ ነበር። አንድ ገጽ ጽፌ ቀደድኩት። ዋናው ነገር አልነበረበትም።

ሥራ የጀመርኩት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መግቢያ ኦክላንድ ውስጥ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የአጎቴ ልጅ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚጎትት የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር እኔንም ወደዚያው ሊያስገባኝ ፈለገ። ፍሪዌይ በሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ መንዳት ፈራሁ። አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ የላቦራቶሪ ብርጭቆ የሚያጥብ ሰው ይፈለግ ነበርና ገባሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ ሚስተር ክላይድ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። እያንዳንዱን ብልቃጥ ወደ አምፖሉ አንስተው ያዩና "በብርሃን ካላየኸው አልታጠበም" ይሉኝ ነበር። ይህ አባባል እስከ ዛሬ ድረስ በሁሉም ቦታ ይሠራልኛል። ክፍያው ሳን ሊያንድሮ ውስጥ ከሁለት ጓደኞች ጋር ለተከራየሁት አፓርትመንት ይበቃ ነበር፤ ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከዚያ ሬድውድ ሲቲ ወዳለ ላቦራቶሪ ለስድስት ወር ተላክሁ። ታይሮይድ የሚባለውን እጢ በስም ያወቅሁት እዚያ ነው። እኛ አገር ቤት የምናውቀው አብጦ እንቅርት ሲሆን ብቻ ነው፤ ሳያብጥ አንገት ውስጥ ተቀምጦ ሰውነትን እንደሚያሞቅ፣ ልጅን እንደሚያሳድግ አላውቅም ነበር። የሚያስተምረኝ ሰው አልነበረም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አርጅተዋል ብሎ ከሚያስወግዳቸው መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ የሕክምና መጽሐፍ አገኘሁና ከመዝገበ ቃላት ጋር በቀን ሁለት ገጽ እያነበብኩ በአንድ ዓመት ከግማሽ ጨረስኩት። ለሰው አልነገርኩም። ሰው መጠየቅ አይሆንልኝም፤ ከልጅነቴም አይሆንልኝም።

ቀጥሎ የገባሁት የልጆች የቆዳ ክሊኒክ ነው። ዋናው ኦክላንድ ሲሆን ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሳን ሆዜ ይከፈታል። ደም መቅዳት የተማርኩትም፣ የምስክር ወረቀት ያወጣሁትም እዚያ ነው። በኋላ እኔን የያዘኝ ሥራ ግን ለምጽ ያለባቸው ልጆች ጉዳይ ነበር።

ለምጽ የሚለውን ቃል እኔና የአገሬ እናቶች የምርመራ ክፍሉ ውስጥ አንጠቀምበትም ነበር። ቃሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ፍርሃት ስላለበት እናቶች ሲሰሙት ልጃቸውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። "ነጩ ምልክት" እንል ነበር። አይተላለፍም፤ አያምም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ያው መከላከያ በአንዳንድ ልጅ ላይ ታይሮይዱንም ያጠቃል። በየትኛው ልጅ ላይ እንደሚሆን ቆዳውን አይቶ መናገር አይቻልም። ታይሮይዱ ሲደክም ልጁ ይበርደዋል፣ ያንቀላፋል፣ ቁመቱ ይቆማል። ቀድሞ ከታወቀ መድኃኒቱ በቀን አንዲት ትንሽ ክኒን ነው። ስለዚህ ዶክተር ዌብ ነጭ ምልክት ያለበት ልጅ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ የታይሮይድ ደም ይታይለት ብለው ደንብ አወጡ። ደንቡ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ልጁን በዓመቱ መልሶ ማግኘት ግን ሥራ ነው።

ያን ሥራ ሚስስ ሎርና ለእኔ ሰጡኝ።

ስለ ሚስስ ሎርና ትንሽ ልበል። እኚህ ሴት የልጅን ክንድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሞቀ ውኃ ያጥቡ ነበር፤ ለንጽሕና ብቻ ሳይሆን ጣታቸው ቀዝቃዛ እንዳይሆን። የልጁን እጅ በሞቀ ፎጣ ለሁለት ደቂቃ ይጠቀልሉታል፤ ደም ሥሩ ራሱ ይወጣል። መርፌው ቢራቢሮ የምንለው ቀጭኑ ነው። ስም የሚጽፉት በእርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይፈሳል። ብልቃጡ ላይ ስሙን ሳይጽፉ ከወንበሩ አይነሱም። ደግሞም "አንቺ ሜሪ ነሽ?" ብለው አይጠይቁም፤ "ስምሽ ማን ነው?" ነው የሚሉት፤ የፈራ ልጅ ለሁሉም ነገር አዎ ይላልና። ከሁሉ በፊት ግን በወረቀት ኩባያ ውኃ ይሰጣሉ። ልጁ ይጠጣል፣ እሳቸው ፈገግ ብለው ያዩታል፣ ኩባያውን ይቀበላሉ፣ ከዚያ ፎጣው ይመጣል። ይህን ሁሉ ማንም ሳያዘኝ ከእሳቸው አይቼ ቀዳሁ። ውኃውንም ሦስት ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዱ ልጅ ሰጠሁ፤ ደግነት መስሎኝ።

የካርዱን ሳጥን እኔ ነኝ የሠራሁት። አንድ ልጅ አንድ ካርድ፤ ከፊት ስም፣ ቁመት፣ ደም የተወሰደበት ቀን፣ ውጤት፤ ከኋላ ልጁ ቢጠፋ የሚደወልለት ሰው። የእኛ አገር ልጆች አስቸጋሪ ነበሩ፤ ለፈረንጅ እንጂ ለእኔ አይደለም። አንድ ልጅ አንዱ ጋ በአባቱ ስም፣ ሌላው ጋ በአያቱ ስም ይመዘገባል፤ እናቱ ደግሞ የራሷን አባት ስም ይዛ ትመጣለች። የልደት ቀን ብዬ እንዳልለያቸው፣ በሱዳን በኩል በስደት የመጣ ልጅ ሁሉ ወረቀቱ ላይ የተወለደው ጃንዋሪ አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ላይ በሁለት ስም ተመዝግቦ ሳገኝ ሁለቱን ካርዶች በወረቀት ክሊፕ አያይዛቸው ነበር። ክሊፕ ማለት "ይህ አንድ ልጅ ነው" ማለት ነው። ይህ የትም አልተጻፈም። የሚያውቀው የእኔ ራስ ብቻ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ መሆኑ ደስ ይለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አንድ የሜክሲኮ ልጅ ጠፍቶ ሦስት ጊዜ ደውዬ አስመጣሁት። ደሙ ሲታይ ታይሮይዱ መድከም ጀምሯል። ሚስስ ሎርና ካርዱን ገልብጠው አይተው "ጥሩ ካርድ ነው" አሉ። ያንን ቃል ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደገምኩት ብናገር አፍራለሁ።

ከዚያ ዮናስ መጣ።

ዮናስ ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል። ካፍቴሪያ ውስጥ ሠርቷል፣ ታክሲ ነድቷል፤ የትም ቦታ በገባ በሳምንቱ ሰው ሁሉ የሚወደው ዓይነት ነው። የሚያለቅስ ልጅ ፊት ተንበርክኮ "እሺ አለቃ፣ የትኛውን እጅ ነው የምታዘኝ?" ይላል፤ ልጁ ያስብና እጁን ይሰጠዋል። እኔ ከእሱ በተሻለ እቀዳለሁ፤ አንድ ጊዜ ነው የምወጋው፤ እሱ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይወጋል። ልጆቹ ግን ሁለት ጊዜ ለወጋቸው ለእሱ እጃቸውን አውለብልበው ይሄዳሉ።

"ከሙሌ አፍ ቃል ማውጣት የአራስ ልጅ ደም ከመቅዳት ይከብዳል" ብሎ ሚስስ ሎርናን በእንግሊዝኛ አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ አልሳቅሁም።

በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እንጀራውን እየጠቀለለ "ሙሌ፣ ያ የውኃው ነገር ግን ብልጠት ነው አይደል?" አለኝ።

"የቱ ውኃ?"

"የሎርና ኩባያ ነዋ። ልጁ ሲውጥ አንገቱን ነው የሚያዩት። ታይሮይዱ አብጦ ከሆነ ሲውጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ዛሬ ጠዋት አሳዩኝ፤ እጄን አንገታቸው ላይ አስቀምጠው እሳቸው ራሳቸው ጠጡ።"

"አዎ" አልኩ።

አላውቅም ነበር። የአንገቱ ነገር ያነበብኩት መጽሐፍ ውስጥ ነበረ፤ ከኩባያው ጋር አላገናኘሁትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆች ፊቴ ውኃ ሲጠጡ እኔ የማየው ኩባያው እንዳይፈስ ነበር። ለእኔ ያልነገሩኝን ለእሱ በአራተኛው ቀን ነገሩት፤ ያውም እጁን አንገታቸው ላይ አስቀምጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስስ ሎርና ዮናስን "ልጄ" ሲሉ መቁጠር ጀመርኩ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ግን አውቀዋለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ክሊኒኩ ኮምፒዩተር ገዛ። የካርዶቹ ዝርዝር ወደ ኮምፒዩተሩ ይግባ ተባለና ሥራው ለዮናስ ተሰጠ፤ በማታ ኮሌጅ አንድ ኮርስ ወስዶ ነበር። ሚስስ ሎርና ወደ እኔ መጥተው "ሳጥኑን ለዮናስ ስጠው፣ ያለውን ሁሉ አሳየው" አሉኝ። የራሴን ሳጥን ተሸክሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። ካርዶቹን እየገለበጠ ቆየና፦

"ሙሌ፣ እነዚህ ክሊፖች ምንድን ናቸው? ሦስት ቦታ አየሁ።"

"ካርዶቹ እንዳይበታተኑ ነው።"

"ሌሎቹስ አይበታተኑም?"

"ክሊፕ አለቀብኝ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ሹር፣ እሺ" አለ። ሦስቱንም ክሊፕ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ጣላቸውና ካርዶቹን በፊደል ተራ መደርደር ጀመረ።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ሳላሳምር ልጻፈው። ለአንድ ቤት ሁለት ደብዳቤ ይልካል፤ እናቲቱ ደውላ "ልጄ አንድ ናት፣ ምነው ሁለት አደረጋችኋት?" ትላለች፤ ሚስስ ሎርና ይሰማሉ፤ "ሳጥኑ ይሻል ነበር" ይላሉ። ትንሽ እፍረት ብቻ ነበር የፈለግሁለት። ልጅ ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። ለማሰብ ግን ጊዜ ነበረኝ፤ አላሰብኩም ማለት አልቻልኩም ማለት አይደለም።

ከሦስቱ ጥንድ ካርዶች አንዱ የሰላም ነበር። ኦክላንድ ውስጥ "ታደሰ" በሚለው በአባቷ ስም ተመዝግባ ነበር። እናቷ ሳን ሊያንድሮ የነበሩበት ሕንፃ ውስጥ ያሉ የአገራችን ሰዎች በልጅቷ እጅና አፍ ዙሪያ ስላለው ነጭ ምልክት ማውራት ሲያበዙባቸው ወደ ሳን ሆዜ ተዛወሩ። ሳን ሆዜ ያለችው ጸሐፊ የስደት ወረቀቷን አይታ በአያቷ ስም "ወልዴ" ብላ መዘገበቻት። የታደሰ ካርድ ላይ የመጨረሻው ደም ነበር፤ የታይሮይዱ ሆርሞን ደህና ነው፣ ታይሮይድን የሚያጠቃው መከላከያ ግን ደሟ ውስጥ ታይቷል፤ ስለዚህ ዓመት ሳይጠበቅ በስድስት ወር ይደገም ይላል። የወልዴ ካርድ ላይ ደግሞ "ደም ኦክላንድ ተወስዷል" ብቻ ነበር የተጻፈው። ክሊፑ ካለ ሁለቱ አንድ ላይ ይነበባሉ።

ክሊፑ ሲወጣ የሆነው ይህ ነው። ለሰላም ታደሰ ደብዳቤ ወደ ሳን ሊያንድሮ ተላከ፤ ተመልሶ መጣ፤ "አድራሻ ለቅቃለች" ተብሎ ተዘጋ። ሰላም ወልዴ ደም ሰጥታለች ስለሚል አልተጠራችም። ፈረንጅ ቢሆን በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ሰላሞች ሲያይ ይገርመው ይሆናል። ዮናስን አልገረመውም። ማናችንንም አይገርመንም፤ በየቤቱ ሰላም አለች፣ ልደታችንም ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ሚስስ ሎርናና ዮናስ በአንድ መኪና ወደ ሳን ሆዜ ይሄዱ ነበር። ድሮ እኔም ከኋላ እቀመጥ ነበር። ሲሳሳቁ መስማት ሲመረኝ ኦክላንድ ልቅር ብዬ ጠየቅሁ፤ በሕይወቴ ከጠየቅኋቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ተፈቀደልኝ። ሰላም በዚያ ጊዜ ውስጥ ለቆዳዋ ቅባት ሁለት ጊዜ ሳን ሆዜ መጥታለች። እዚያ ብሆን አውቃት ነበር። ስለ ክሊፖቹ ሁለት ሳምንት አሰብኩ፤ ደዋይ ሳይመጣ ሲቀር ረሳኋቸው።

አሥራ አምስት ወር አለፈ። በዚያ ሰኔ ሐሙስ የሳን ሆዜዋ ረዳት ታማ ስለነበር ሚስስ ሎርና ና አሉኝ።

ሰላም ስትገባ በመልኳ ወዲያው አላወቅኋትም። ፊቷ አበጥ ብሏል። ያወቅኋት እጇን ሳይ ነው፤ በቀኝ እጇ አውራ ጣት ሥር ያለው ነጭ ምልክት የባቄላ ቅርጽ ነበረው፤ ካርዷ ላይ ሥዕሉን እኔ ነኝ የሣልኩት። ፋይሉ ላይ "ወልዴ" ይላል።

"ስንተኛ ክፍል ነሽ?" አልኳት በአማርኛ።

"ሦስተኛ" አለች በእንግሊዝኛ። ቀጥላም ዝግ ብላ "እንደገና ሦስተኛ" አለች።

ጫማዋን አስወልቄ ተረከዟን ከግድግዳው አስጠጋሁ፤ ጠፍጣፋውን ሰሌዳ ጭንቅላቷ ላይ አወረድኩ። ሁለት ጊዜ ለካሁ። "መቶ ሃያ ሁለት" አልኩ።

ዶክተር ዌብ ጻፉ። "ያለፈውስ?" ብለው ገጹን ገለበጡ። "እዚህ ያለፈ ቁመት የለም።"

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ቁጥር ስሕተት ሆኖ ወይም ጎድሎ ሲታለፍ ዝም ማለት አልችልም፤ ይህ በጎነት አይደለም፤ ልማድ ነው። "መቶ ሃያ አንድ ተኩል" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። "የት አየኸው?" አሉ ሚስስ ሎርና።

"ኦክላንድ። ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። ታደሰ በሚል ስም ሌላ ካርድ አላት።"

ከአሥራ አምስት ወር በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ግማሽ ሴንቲሜትር። ዶክተር ዌብ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ሚስስ ሎርና በወረቀት ኩባያ ውኃ ቀድተው ለሰላም ሰጧት። ጠጣች። ሚስስ ሎርና አንገቷን አዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው ዮናስን አዩት፤ እሱም አይቶ ነበር። ሁለቱ በዓይን ብቻ ተነጋገሩ። እኔ ከጎን ቆሜ ስለነበር አንገቷ አልታየኝም። ያየሁት የሁለቱን ፊት ነው። ልጅቷ እዚያ ተቀምጣ፣ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ፣ በዚያች ቅጽበት እንኳ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ቅናት ነበር።

ደሟን ዮናስ ቀዳ። አንድ ጊዜ ነው የወጋት።

ዶክተር ዌብ የሚጠረጥሩትን ሲያስረዱ ዮናስ ለወይዘሮ ብርነሽ ወደ አማርኛ መለሰላቸው። እሳቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡት።

"በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉ ነበር" አሉ። "የኔዋ ደግሞ በለምጽ ላይ እንቅርት መጣባት።"

"እትዬ ብርነሽ፣ ይድናል። ክኒን ነው" አለ ዮናስ።

"እሱ አይደለም። ስታንቀላፋ ሰነፍ እያልኩ ቆንጥጫታለሁ። ልጆቹ እጇን እያዩ ስለሚስቁባት አኩርፋ ነው ብዬ፣ ተነሺ እያልኩ። በርዶኛል ስትለኝ አስመሳይ ብያታለሁ።" ከዚያ ወደ እኔና ወደ እሱ አዩ። "ደም ኦክላንድ ሰጥታለች ብያችሁ አልነበረም? እናንተ አላችሁ ብዬ እኮ ነው የተኛሁት። የአገሬ ልጆች ናቸው ያሉት ብዬ።"

ሰላም ጥጡን ክንዷ ላይ ይዛ እናቷን ታያለች፤ አማርኛውን ሁሉ ሰምታዋለች።

ኮሪደር ላይ ስንወጣ ሚስስ ሎርና "ዝርዝሩን ማን ነው ያስገባው?" አሉ። እያወቁ ነው የጠየቁት።

"እኔ ነኝ" አለ ዮናስ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ስለ ክሊፕ አላነሳም፤ ወደ እኔም አላየም።

ጠበቅሁ። የሚናገር ከሆነ ልክድ ይሁን ላምን አላውቅም ነበር። አልተናገረም። ሚስስ ሎርና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው "ቁጥሩን ማስታወስህ ልጅቷን አተረፋት" አሉኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቅኋት እጅ ናት። ከብዳኝ ነበር፤ ግን ከትከሻዬ እንድትነሳም አልፈለግሁም።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ፤ ታይሮይዷ ሥራ ሊያቆም ምንም አልቀረውም ነበር። ክኒን ተጀመረላት። የሌሎቹ ሁለት ጥንድ ካርዶች ልጆች ደማቸው በጊዜው ተወስዶ ስለነበር ደህና ነበሩ፤ በእድል እንጂ በእኔ አይደለም።

ዮናስ ስለ ስሕተቱ ሪፖርት ጽፎ ፈረመ። ከዚያ ያደረገውን እኔ አላስበውም ነበር። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እየቆመ፣ የኤርትራ ሽማግሌዎች ዘንድ እየሄደ፣ እናቶችን በየስልኩ እየለመነ፣ የእያንዳንዱን የእኛን ልጅ ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ የእናትና የክርስትና እናት ስም ሰብስቦ ዝርዝሩን እንደ አዲስ ሠራው። "የልጅዎን ደም ልይላት፤ ካላየሁ ደግሞ በስልክ ኮል አድርገው ይስደቡኝ" ይላቸው ነበር። ተሸሽገው የነበሩ ልጆች ሳይቀሩ መጡ። ዶክተር ዌብ በስብሰባ ላይ አመሰገኑት። እኔም አጨበጨብኩ። ጥፋቴን እንኳ ወሰደብኝ፤ ወስዶም እኔ ልሠራው ከምችለው በላይ ሠራበት።

ሰላም ሳን ሆዜ ስትመጣ የምትፈልገው "ጋሽ ዮናስን" ነበር። ቁመቷን የሚለካው እሱ ሆነ። ፋይሏን መክፈት እችል ነበር፤ አልከፈትኩም።

አንድ ቀን እርሳስ ስንቀርጽ ሚስስ ሎርናን "የውኃውን ምክንያት ለዮናስ በአራተኛው ቀን ነገሩት። ለእኔ ሦስት ዓመት ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

ገረማቸው። "አልጠየቅኸኝም እኮ" አሉ። "ሁሉን ነገር ቀድመህ ታውቅ ነበር። ይህንንም የምታውቅ መስሎኝ ነበር።" መቅረጫውን አስቀምጠው "እሱ ጠየቀኝ" አሉ።

በዚያ ቀን ልነግራቸው ነበር። እሱ እኔንም ጠይቆኝ ነበር ልላቸው ነበር። አልነገርኳቸውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራውን ለቀቅሁ። ለምን ሲሉኝ የኮምፒዩተር ሥራ ይሻላል አልኩ፤ እውነትም ነበር፤ ሥራውን የተማርኩት ኮምፒዩተሩ ለዮናስ በመሰጠቱ እልህ ይዞኝ ነው።

እንግዲህ የማውቀው ይህ ነው። ከስድስቱ ማናችሁም ይህን ካነበባችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። ሚስስ ሎርና አማርኛ አያነቡም፤ ዮናስ ሊያነብላቸው ይችላል፤ ሳይቀንስ ያንብብላቸው። እትዬ ብርነሽ፣ እናንተ አላችሁ ብዬ ነው የተኛሁት ያሉት የሚመለከተው እኔን ነበር፤ ዮናስ ላይ ያለዎትን ቅሬታ ወደ እኔ ያዙሩት። ዮኒ፣ ክሊፖቹን ስታወጣ ቀና ብለህ አይተኸኝ ነበር። ያን ጊዜ ገብቶህ እንደነበረና እንዳልነበረ አንተ ጨምርበት፤ እኔ ከፊትህ ላነበው አልቻልኩም።

ሰላም፣ አማርኛ ማንበብ ካልቻልሽ እናትሽ ታንብብልሽ። አንቺ የምትጨምሪልኝ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቀኑን ጻፊበት፤ ጫማ አውልቀሽ፣ ተረከዝሽን ግድግዳ አስጠግተሽ ተለኪ። እኔ ዘንድ ያለው የመጨረሻው መቶ ሃያ ሁለት ነው።